ስለ ስንዴ ግሉተን፦ ለቤት ዳቦ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደማይጠቅም

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በየቤታቸው ዳቦ ጋግረው የሚሸጡ ወይዛዝርት፥ ዱቄትና እርሾ የሚያቀርቡላቸውም ባለሱቆች፥ ዓባይን ተሻግሮ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣው «ግሉተን» ስለሚባለው ዱቄት ደጋግመው ሲጠይቁ ይሰማል። አንዱ «ዳቦውን እጥፍ ያደርገዋል» እያለ ያመሰግነዋል፤ ሌላው ደግሞ «ይህ መድኃኒት ነው እንጂ የሰው ምግብ አይደለም» እያለ ያስፈራል። ሁለቱም አነጋገር ከእውነቱ የራቀ ነው። ዱቄቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር የሚገባ፥ ዋጋውም ከተራው የስንዴ ዱቄት እጅግ የላቀ ስለ ሆነ፥ ትርፏ በሳንቲም የሚቆጠር ጋጋሪ ሳትመረምር የገዛችው እንደ ሆነ ኪሳራው የሚወድቀው በርሷው ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ ለማንኛው ዱቄት እንደሚያስፈልግና ለማንኛው እንደማያስፈልግ ለክቡራን አንባብያን መግለጽ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ግሉተን ከስንዴ ውጭ የተገኘ ባዕድ ነገር አይደለም። ባልትና የምታውቅ ማንኛዪቱም እመቤት የስንዴ ሊጥ ከሌላው እህል ሊጥ የተለየ ጠባይ እንዳለው በእጅዋ ታውቀዋለች። የጤፍ፥ የገብስ ወይም የበቆሎ ዱቄት በውኃ ቢቦካ ይላቆጣል፥ ወይም ይፈረካከሳል፤ የስንዴ ሊጥ ግን በታሸ ቁጥር ይጠነክራል፥ ቢስቡት ይለጠጣል፥ ቢለቁትም ወደ ነበረበት ሊመለስ ይሞክራል። ይህን ጠባይ የሚሰጠው በስንዴው ፍሬ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። ሊቃውንት ይህን ፕሮቲን በሁለት ይከፍሉታል፤ ግሊያዲን የተባለው ሊጡ እንዲለጠጥ፥ ግሉተኒን የተባለው ደግሞ እንዲጠነክርና እንዲመለስ ያደርገዋል። ሁለቱ በደረቁ ዱቄት ውስጥ ሳሉ ምንም አይሠሩም፤ ውኃ ሲነካቸውና እጅ ሲያሻቸው ግን እርስ በርሳቸው ተያይዘው መረብ ይሠራሉ። ግሉተን የምንለው ይህን መረብ ነው። ቃሉ በላቲን «ሙጫ» ማለት ሲሆን፥ ቻይናዎች ግን በቋንቋቸው «የዱቄት ጅማት» ይሉታል። ለኔ የቻይናዎቹ ስም ይበልጥ ይስማማኛል፤ ሙጫ ያጣብቃል እንጂ አይለጠጥም።

ይህን ጅማት ከሊጥ ለይቶ በጽሑፍ ያስታወቀው ቤካሪ የተባለ የቦሎኛ ከተማ ሊቅ ሲሆን፥ ጽሑፉ የታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1745 ነው። ያደረገው ነገር በማናቸውም ቤት ሊሠራ የሚችል ነው፤ ሊጥ አቡክቶ በውኃ ውስጥ እያሸ አጠበው። ስታርች የሚባለው ነጩ ክፍል ከውኃው ጋር ሲሄድ፥ በእጁ ላይ የቀረው ግራጫ መልክ ያለው፥ እንደ ጎማ የሚሳብ ነገር ነበር። የቻይና መነኮሳት ግን ከርሱ አስቀድሞ ይህንኑ እያጠቡ ቀቅለውና ጠብሰው በሥጋ ፈንታ ይመገቡት ነበር። ጾም ለሚበዛበት አገራችን ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው፤ ታጥቦ የቀረውን ግሉተን በትንንሹ ቆርጦ በጨው ውኃ ቀቅሎ፥ ከዚያም በዘይት ጠብሶ ወጥ ውስጥ መጨመር ይቻላል። ይህን ግን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

ፋብሪካዎች የሚያደርጉትም ያንኑ ማጠብ ነው። ልዩነቱ የታጠበውን እርጥብ ግሉተን ኃይሉ ሳይሞት በፍጥነት አድርቀው መፍጨታቸው ነው። ስለዚህም «ሕያው ግሉተን» የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ ውኃ ሲያገኝ እንደገና ይነሣልና። ከመቶው እጅ 75 ወይም 80 ያህሉ ፕሮቲን ነው። በቤት ውስጥ ታጥቦ በምጣድ ወይም በእሳት ዳር የደረቀ ግሉተን ግን ሙቀቱ ስለሚገድለው ለዳቦ አያገለግልም።

አሁን ወደ ዳቦው እንምጣ። እርሾ የዱቄቱን ጣፋጭ ክፍል እየበላ አየር ያወጣል። ይህ አየር በግሉተኑ መረብ ውስጥ ሲታገድ ሊጡ ይነፋል፤ መረቡ ደካማ ከሆነ አየሩ ያመልጣል፥ ዳቦውም ዝቅ ብሎ ይቀራል። እንጀራ ግን ይህን መረብ አይፈልግም፤ ሊጡ ቀጭን ሆኖ በጋለ ምጣድ ላይ ስለሚፈስ፥ አየሩ ዓይን አውጥቶ እስኪሄድ ድረስ እንጀራው ወዲያው ይበስላል። ስለዚህ ለጤፍ እንጀራ ግሉተን መጨመር ገንዘብን በከንቱ ማፍሰስ ነው።

ፕሮቲን ሁሉ ግሉተን አለመሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። የጎጃም ሰው ምሬቱ እስኪወጣ በወራጅ ውኃ የሚዘፈዝፈው ግብጦ ከስንዴ እጅግ የበለጠ ፕሮቲን አለው፤ ሆኖም የግብጦ ዱቄት ከስንዴ ጋር ቢቀላቀል ዳቦውን ለሰውነት የሚጠቅም ያደርገዋል እንጂ አይነፋውም። እንዲያውም ብዛት ካገኘ ያከብደዋል።

የአገራችንን ስንዴ የተመለከትን እንደ ሆነ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ የኖረው አብዛኛው ስንዴ ዱረም የሚባለው፥ ለፓስታና ለማካሮኒ የሚስማማው ዓይነት ነው። ቫቪሎቭ የተባለው ዝነኛ የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ ዘር ሲሰበስብ እጅግ ያስደነቀው የዚሁ ስንዴ ዓይነቱ መብዛት ነበር። የዱረም ግሉተን መጠኑ ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን አጥብቀው ሲስቡት የመበጠስ ጠባይ ስላለው ዳቦው እንደ ፉርኖ ዳቦ ከፍ አይልም። እናቶቻችን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፥ ከላይም ከታችም እሳት አድርገው የሚጋግሩት ድፎ ዳቦ ጥቅጥቅ ያለና ለቀናት የሚቆይ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህም ጉድለት አይደለም፤ ለበዓል የሚቆረስ ድፎ እንደ ጥጥ ቀሎ ቢገኝ ማንም ደስ የሚለው አይመስለኝም። የዳቦ ስንዴ የሚባለው ሌላው ዓይነት እየተስፋፋ የመጣው ኋላ ነው፤ የዳቦ ስንዴ ምርምር በአርሲ ቁሉምሳ፥ የዱረም ምርምር ደግሞ በደብረ ዘይት ሲካሄድ ቆይቷል፤ በጎጃም በኩል የአዴት የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ። ዛሬ በጎዛምን፥ በአነደድ ወይም በደብረ ኤልያስ ከሚሸመተው ስንዴ ሁለቱም ዓይነት ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል፤ ነጋዴው ሳይለይ ቢያስፈጨው ዛሬ ጥሩ፥ ነገ ደካማ ዱቄት ይወጣለታል።

የአንዱ ዓይነት ስንዴ ግሉተን እንኳ በየዓመቱ አንድ አይደለም። ናይትሮጅን ካነሰው መሬት የተገኘ ስንዴ ፍሬው ነጭና ሙሉ ሆኖ ሳለ ፕሮቲኑ ያነሰ ይሆናል። ሳይደርቅ በመጋዘን ተከምሮ የጋለ እህል ደግሞ ግሉተኑ በሙቀቱ ይሞታል፤ በአውድማ ወይም በነዶ ሳለ ዝናብ አግኝቶ ያቆጠቆጠ ስንዴ እንደ ብቅል ስለሚሆን ዳቦው ውስጡ ሙጫማ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሁለተኛውን ግሉተን መጨመር አያድነውም፤ ጥፋቱ በስታርቹም ላይ ነውና።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ መሆኗም ከዳቦ ጋር ግንኙነት አለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በሊጡ ውስጥ የታገደውም አየር ተጭኖ የሚይዘው ኃይል ስለሚያንስበት ከቆላው ይልቅ በሰፊው ይነፋል። ስለዚህ ደካማ ሊጥ ምጣድ ወይም ምድጃ ውስጥ ገብቶ በመጀመሪያ በጣም ከፍ ካለ በኋላ መካከሉ ይሰረጉዳል። ብዙ ጋጋሪዎች ይህን ሲያዩ እርሾ አነሰ ብለው ይጨምራሉ፤ መድኃኒቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እርሾን ጥቂት መቀነስና ሊጡን ሳያልፍበት መጋገር። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ደግሞ ሊጡ ለመነሣት ስለሚዘገይ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። በቤት እርሾ የቦካ ሊጥ ከልኩ በላይ ሲቆይ መኮምጠጡ ብቻ አይደለም፤ ግሉተኑም እየተፈታ ሄዶ ሊጡ በቡሐቃው ውስጥ ይዘረጋል። ይህ የሆነበትን ሊጥ ያየች ጋጋሪ «ዱቄቱ መጥፎ ነው» ብላ ባለሱቁን ትወቅሳለች፤ ባለሱቁም ወፍጮ ቤቱን።

እንግዲህ ዱቄቱ ደካማ መሆኑና አለመሆኑ ያለ ላቦራቶሪ የሚታወቅበትን መንገድ እንናገር፤ ለነጋዴውም ለጋጋሪዋም ከሁሉ የበለጠ ጥቅም የሚሰጠው ይህ ነውና። የሚያስፈልገው ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን፥ ጎድጓዳ ሳሕንና ደቃቅ ወንፊት ብቻ ነው። ከዱቄቱ 100 ግራም ተመዝኖ በ60 ግራም ያህል ውኃ ይቦካል፤ ፉርሽካ ያልወጣለት ዱቄት ከሆነ አስቀድሞ ይነፋል። ሊጡ ለአምስት ደቂቃ በደንብ ታሽቶ ግማሽ ሰዓት ያህል በውኃ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በወንፊት ላይ፥ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ፥ በእጅ እየተጨመቀ ይታጠባል። ውኃው መጀመሪያ እንደ ወተት ይነጣል፤ እየተለወጠ ሲታጠብ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እየጠራ ይሄዳል። በወንፊቱ ላይ የተበጣጠሰ ቢወድቅ ተለቅሞ ከዋናው ጋር ይደባለቃል። ውኃው ሲጠራ የቀረው ሙጫማ ነገር በእጅ አጥብቆ ተጨምቆ ይመዘናል።

ሚዛኑ 30 ግራምና ከዚያ በላይ ካሳየ ዱቄቱ ብርቱ ነው፤ ለዳቦ ምንም ጭማሪ አያሻውም። ከ25 እስከ 30 ከሆነም በቤት ለሚጋገር ዳቦ በቂ ነው። ከ20 ግራም በታች የወረደ ዱቄት ግን ለቂጣ፥ ለብስኩትና ለኬክ እንጂ ለሚነፋ ዳቦ አይበጅም፤ ግሉተን ቢጨመርለት ጥቅሙ የሚታየው እንዲህ ባለው ነው። ሚዛን ብቻውን ግን አይበቃም። የታጠበውን በሁለት እጅ ይዞ በዝግታ መሳብ ያስፈልጋል፤ ጥሩው ረዝሞ ሳይበጠስ ይሳብና ሲለቁት ይሰበሰባል፤ የዱረሙ ጥቂት ሄዶ ይበጠሳል፤ የጋለ እህል ዱቄት ደግሞ ጨርሶ አልያያዝ ብሎ እንደ ፍርፋሪ ከውኃው ጋር ይሄዳል። እኔ ራሴ ለአሠሪዬ ከሁለት ወፍጮ ቤቶች የመጣ ዱቄት በዚህ መንገድ ባጥብ፥ በዓይን ሲታይ ነጩ የበለጠ መስሎ ሳለ ብርቱ ሆኖ የተገኘው ጠቆር ያለው ነበር። የዱቄት ንጣት ስለ ወንፊቱ ይመሰክራል እንጂ ስለ ጅማቱ አይመሰክርም።

ዱቄቱ ደካማ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ የግሉተኑ መጠን እንዲህ ይታሰባል። ለተራ ፉርኖ ዱቄት ከመቶው 1 ወይም 2 እጅ ይበቃል፤ ይኸውም ለአንድ ኪሎ ዱቄት 15 ግራም ያህል፥ ማለት አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ነው። ፉርሽካው ላልወጣለት የስንዴ ዱቄት ከ3 እስከ 5 እጅ ይፈቀዳል፤ ፉርሽካው የመረቡን ክር ይቆራርጣልና። ገብስ ወይም በቆሎ የተቀላቀለበት ዳቦ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል በስናን በኩል እንደሚደረገው ከአንድ ኪሎ ዱቄት ውስጥ 700 ግራሙ ስንዴ፥ 300 ግራሙ ገብስ ቢሆን፥ ለዳቦው መረብ የሚሆነው ግሉተን የሚገኘው ከስንዴው ብቻ ነው። ስንዴው ከመቶው 10 እጅ ደረቅ ግሉተን ቢኖረው 70 ግራም ይሆናል፤ ሙሉ ስንዴ ቢሆን ኖሮ 100 ግራም ይገኝ ነበር። የጎደለውን ለመሙላት 30 ግራም መጨመር ማለት ነው። ስንዴ ሲወደድ ይህ ሒሳብ ለጋጋሪዋ እውነተኛ ጥቅም ሊሰጣት ይችላል፤ በኔ አስተያየት ግሉተን በአገራችን ከሁሉ ይልቅ ሥራ የሚያገኘው በዚሁ በድብልቅ ዳቦ ነው።

ለነጋዴው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። በአንድ ኩንታል ደካማ ዱቄት ላይ ከመቶው አንድ ተኩል እጅ መጨመር አንድ ኪሎ ተኩል ግሉተን መግዛት ነው። የአንድ ኪሎ ተኩል ግሉተን ዋጋ፥ በብርቱውና በደካማው ዱቄት መካከል ካለው የኩንታል የዋጋ ልዩነት የበለጠ እንደ ሆነ፥ ብርቱውን ዱቄት መግዛት ይሻላል፤ ያነሰ እንደ ሆነ ግሉተኑን። ይህን በየሳምንቱ ገበያ ማስላት አምስት ደቂቃ አይወስድም።

በአጨማመሩ ረገድ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው፤ ግሉተኑን በውኃ በጥብጦ ሊጥ ላይ ማፍሰስ። ግሉተን ውኃ እንደ ነካው ወዲያው እየተጠቀለለ ስለሚቋጠር፥ ያ ጉብታ ከዚያ በኋላ አይፈታም። ስለዚህ በደረቁ ከዱቄቱ ጋር ሁለት ጊዜ ነፍቶ ማዋሐድ ይገባል። ግሉተኑ የክብደቱን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ውኃ ስለሚጠጣ፥ ለ15 ግራም ከ20 እስከ 25 ግራም ውኃ ይጨመራል፤ ይህ ካልሆነ ሊጡ ይደርቃል። ጨው አይቀር፤ መረቡን ያጠነክራል። ዘይት ወይም ቅቤ የሚገባ ከሆነ ሊጡ ጥቂት ከታሸ በኋላ ይግባ። ከልክ በላይ የተጨመረ ግሉተን ዳቦውን ጎማ ያደርገዋል፤ ልጆች ሲያኝኩት ይታወቃል። የሞተ እርሾን ግን ምንም ያህል ግሉተን አያስነሣውም፤ በሱቅ የሚሸጠው «የዳቦ ማሻሻያ» የሚባለውም ያለውን መረብ የሚያጠብቅ ነገር እንጂ ግሉተን አይደለምና ሁለቱን በአንድ ስም መሸጥ አይገባም።

በጅምላ ለሚገዙ ነጋዴዎች አንድ ታሪክ መጥቀስ ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ ብዙ ውሾችና ድመቶች ኩላሊታቸው እየታመመ ሞቱ። ሲመረመር ለምግባቸው «የስንዴ ግሉተን» ተብሎ ከቻይና የገባው ዕቃ በውነቱ ሜላሚን የተባለ ነገር የተቀላቀለበት ተራ የስንዴ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ተንኰሉ እንዲህ ነው፤ የፕሮቲን መጠን በላቦራቶሪ የሚለካው ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅንን በመቁጠር ነው፤ ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጅን የበዛበት ስለ ሆነ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ብሎ ይታያል። ወረቀቱ ያልያዘውን እጅ ሊይዘው ይችል ነበር። ከአዲስ ከረጢት አንድ ማንኪያ ግሉተን በአንድ ማንኪያ ውኃ ቢታሽ በደቂቃ ውስጥ ጠንካራ፥ ተለጣጭ ጉብታ ይሆናል። እንደ እርጥብ አሸዋ ከተበታተነ በፋብሪካ ሲደርቅ የሞተ ነው። ጉብታውም በውኃ ሲታጠብ ውኃው እንደ ወተት እየነጣ ከቀጠለ ዱቄት ተቀላቅሎበታል። ዋጋ ከመከፈሉ በፊት ይህን ማድረግ የሚያስነውር አይደለም፤ ገዢው እህል ሲገዛ እፍኝ ዘግኖ እንደሚያየው ነው። የተገዛውም በታሸገ ዕቃ፥ ከርጥበት ርቆ መቀመጥ አለበት፤ በክረምት ተከፍቶ የዋለ ግሉተን ይቋጠራል።

በመጨረሻም ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለባቸው ሰዎች ስንዴና ገብስ ሲበሉ አንጀታቸው ይቈስላል፤ ጥቂቱ እንኳ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ ግሉተን የተጨመረበትን የድብልቅ ዳቦ «የበቆሎ ዳቦ» ወይም «የግብጦ ዳቦ» ብሎ ብቻ መሸጥ ገዢውን ለጉዳት ማጋለጥ ነው፤ ምን እንዳለበት መነገር አለበት። ንጹሕ ጤፍ ይህ ግሉተን የለበትም፤ በውጭ አገር ጤፍ ከሚፈለግባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ነው። ከስንዴ ቀጥሎ በዚያው ወፍጮ የተፈጨ ጤፍ ግን፥ ወፍጮው ለጤፍ ብቻ ካልተለየ በቀር፥ «ግሉተን የሌለበት» ተብሎ ለእንደዚህ ያሉ ሕሙማን ሊሸጥ አይገባም።